ስድሳ አራት ዓመት በሕግ አውጪነት

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ እንደማይችል እናውቃለን። በአንድ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው እንዳለ ሰማሁ። ሕጉ እንዴት ፈቀደለት? በዚያ ሁሉ ዘመንስ ምን ሠራ?
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የሰሙት ስለ ዊስኮንሲኑ ዴሞክራት ፍሬድ ሪሰር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1956 ለታችኛው ምክር ቤት ተመርጠው፣ በ1962 ወደ ሴኔት ተሻግረው፣ በጥር 2021 በ93 ዓመታቸው ተሰናብተዋል። ሚሺጋን በ1992 በሕዝበ ውሳኔ የአገልግሎት ዘመንን ስትገድብ ዊስኮንሲን ግን ገደብ አላስቀመጠችም፤ ስለዚህ ሕጉ የሚጠይቃቸው በየአራት ዓመቱ መራጩን ማሳመን ብቻ ነበር። የምርጫ ክልላቸው ዩኒቨርሲቲውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገኙባት፣ ለዴሞክራቶች የምታደላው ማዲሰን በመሆኗ ይህ እምብዛም አልከበዳቸውም። ቅድመ አያታቸው፣ አያታቸውና አባታቸውም በዚያው ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ነበሩ።

ሪሰር ሴኔቱን በፕሬዝዳንትነት ለብዙ ዓመታት መርተዋል፤ በሥራ ቦታና በምግብ ቤት ማጨስን ለመከልከልም ለረጅም ጊዜ ታግለው፣ ሕጉ በሐምሌ 2010 ሥራ ላይ ሲውል ለማየት በቅተዋል። ይሁን እንጂ፣ በእኛ ግምት፣ የረጅም አገልግሎትን አቅምም ወሰንም አጉልቶ የሚያሳየው የ2011ዱ ክስተት ነው። ገዥው ስኮት ዎከር የአብዛኞቹን የመንግሥት ሠራተኞች የኅብረት ድርድር መብት የሚያጠብብ ረቂቅ ሲያቀርቡ፣ ከ33ቱ የሴኔት መቀመጫዎች 19ኙ የሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ የገንዘብ ጉዳይ ያለበትን ረቂቅ ለማጽደቅ ግን ቢያንስ 20 አባላት መገኘት ስላለባቸው አንድ ሰው ይጎድላቸው ነበር። በዚህ ምክንያት 14ቱም ዴሞክራቶች፣ በ83 ዓመታቸው የነበሩትን ሪሰርን ጨምሮ፣ ምልዓተ ጉባኤው እንዳይሟላ ድንበር ተሻግረው ወደ ኢሊኖይ ሄዱ። ለሦስት ሳምንታት ያህል ሥራው ቢስተጓጎልም፣ ሪፐብሊካኖቹ የገንዘብ ድንጋጌዎቹን ከረቂቁ አውጥተው የቀረውን ያለ እነርሱ አጸደቁት። የሃምሳ ዓመት ልምድ የምክር ቤቱን ደንብ ጠንቅቆ ለማወቅ ይረዳል፤ የአብላጫውን ድምፅ ግን አይተካም።

ሪሰር በ2020 ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት ምርጫ መቀመጫቸውን የያዙት የፓርቲያቸው አባል ኬልዳ ሮይስ ናቸው።