«ሌባው ተያዘ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የውሃ ቆጣሪ እየተፈታ ሲሰረቅብን ከረመ። በቅርቡ ፖሊስ አንድ ልጅ ሲይዝ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «የቆጣሪው ሌባ ተያዘ» ብዬ ለጠፍኩ። የልጁ እናት እዚሁ ግቢ ነው የሚኖሩት። «ማን ፈርዶበት ነው ልጄን ሌባ ያላችሁት?» ብለው ተቆጡ። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ፣ ፍርደኛ የሚባሉት እውነት ይለያያሉ? ወይስ የጋዜጠኛ ማሳመሪያ ናቸው? እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰውስ ሌባ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

መልስ፦ እናቱ ልክ ናቸው። ልጁ ቆጣሪውን ወስዶ ቢሆን እንኳ ልክ ናቸው።

ቃላቱ የሚናገሩት ሰውየው የት እንደደረሰ ነው። ፖሊስ ሲይዘው ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ዳኛ ማስረጃውን መዝኖ «ጥፋተኛ» ሲለው ጥፋተኛ፣ ቅጣቱ ሲወሰንበት ደግሞ ፍርደኛ ይባላል። «ጥፋተኛ» የሚለውን ቃል የመስጠት ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፖሊስም የለውም፣ የኮሚቴ ጸሐፊም የለውም።

ይህን የቋንቋ ሰዎች አልፈጠሩትም። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ይክፈቱ። አንቀጽ 19 ስለተያዙ ሰዎች ነው። አንቀጽ 20 ስለተከሰሱ ሰዎች ይናገራል። በፍርድ የታሰሩትን የሚያነሣው አንቀጽ 21 ነው። ሦስት ቦታ ሦስት ስም አለ፣ ከስሙ ጋር ደግሞ የሚለያይ መብት አለ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። የተከሰሰ ሰው ደግሞ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው። «መቆጠር» የምትለዋን ልብ ይበሉ። አንድን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ ለመቁጠር ማሰር አያስፈልግም። አንድ የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። እግረ መንገዴን፣ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ አማርኛው ላይ ስንከራከር ሥራ ፈትተን አይደለም።

ሕጎቹ ራሳቸውም እዚህ የደረሱት በጊዜ ነው። የ1949ኙ ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ ስም ይዞ ወጣ። በ1996 የወጣው ግን «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በአሮጌው ስም ይጠራዋል። እኔ አዲሱን እመርጣለሁ። የቀድሞው ገና ከሽፋኑ አንድ ወንጀለኛ አቁሞ ይጠብቃል።

ወደ እጅ ከፍንጅ እንምጣ። ይህ አነጋገር በሕግም ውስጥ አለ። ሥራው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ድርጊቱ ላይ ስለተገኘ ፖሊስ የፍርድ ቤት ማዘዣ ሳይጠብቅ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። እዚያው ተፈረደበት ማለት አይደለም። ቆጣሪ ይዞ የተገኘ ሰው ለጥገና ወስዶት፣ ከሌላ ሰው ገዝቶት ወይም አደራ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል። ሰርቆም ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው ችሎት ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ነገሩን ያለዘበ መስሎት «ተጠርጣሪ ወንጀለኛ» ይላል። ይህ «ደረቅ እርጥብ እንጨት» እንደ ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገባል።

ሰዉን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን «ተከላከል» ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ካላሳመነው ተከሳሹን እዚያው በነፃ ያሰናብተዋል። መልስ የሚሻ ነገር ካገኘበት «ይከላከል» ይላል። ችሎት በር ላይ ቆሞ ይህን የሰማ ዘመድ «ተፈረደበት!» ብሎ ያለቅሳል። አልተፈረደበትም። ተራው ደረሰ፣ የራሱን ምስክር ይጥራ ነው የተባለው። ብይን በጉዞው መሃል የሚሰጥ ነው፤ ፍርድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እንዲሁም «በዋስ ተፈታ» እና «በነፃ ተሰናበተ» አንድ አይደሉም። በዋስ የወጣ ሰው ቀጠሮው አላለቀም፣ ነገም ይጠራል። ፍርዱን እየጠበቀ ማረሚያ ቤት ያደረውንም «ታራሚ» አይበሉት። የቀጠሮ እስረኛ ነው። የሚታረም ነገር እንዳለበት ማን አረጋገጠ?

እርስዎ ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛችን ሰውን ሳይሰድብ በግስ ብቻ ሊፈርድበት ይችላል። ትናንት «አቶ እገሌ መግለጫ ሰጡ» የተባለለት ባለሥልጣን ዛሬ ሲያዝ «ግለሰቡ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ይባላል። አቶውም ሄደ፣ አንቱታውም ሄደ። ዳኛ ፊት እንኳ ገና አልቀረበም። ዜና አንባቢው ምናልባት አስቦበትም አያውቅ ይሆናል። አድማጩ ግን መልእክቱ ደርሶታል። በነፃ የተሰናበተ ቀን ደግሞ አንቱታውን የሚመልስለት ዜና ብዙ አልሰማሁም።

የድሮው ሥርዓት ጥፋቱ ብዙ ነበር። ያም ሆኖ በዚህ ነገር የሚያስቀና ልማድ ነበረው፤ ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። «በዓይነ ቁራኛ መከታተል» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ታስሮ መንከራተቱ የሁለቱም ነበር። ሁለቱን ለሚያይ መንገደኛ ከሳሹ የትኛው፣ ተከሳሹ የትኛው እንደሆነ መለየት ቀላል አልነበረም።

አሁን ወደ ግሩፑ። የመጀመሪያውን መልእክት ዝም ብለው አያጥፉት፤ ያነበበው አንብቦታል። በምትኩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በቆጣሪዎቻችን መጥፋት የተጠረጠረ አንድ ሰው በፖሊስ ተይዟል። ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ ነው። ቀደም ሲል ‹ሌባ› ተብሎ የተጻፈው ትክክል ስላልነበረ ቤተሰቡን ይቅርታ እንጠይቃለን።» የልጁን ስምና ፎቶ አይጨምሩ። ዐቃቤ ሕግ ከከሰሰው «ተከሳሽ» ይበሉት። በነፃ ከተሰናበተም ያንኑ ግሩፕ ከፍተው በዚያው ትልቅ ፊደል ይጻፉት።