ትንሿ አውሮፕላን ለምን ትወድቃለች? ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ በባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ ማስተማር ነበር። ስለ አደጋ መንስኤዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከየአቅጣጫው ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)፦ ጋሼ፣ እነዚህን አውሮፕላኖች በብዛት የሚጥላቸው የሞተር መጥፋት ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ሰው የሞተባቸውን አደጋዎች ምርመራ ስታነብ ግን ሞተሩ ደህና እየሠራ አውሮፕላኑ ከአብራሪው ቁጥጥር የወጣበትን ደጋግመህ ታገኛለህ። አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት በተሰበሰበው መረጃ አንደኛው ገዳይ ይኸው ነው።

ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየሩ ገጹን ተጠግቶ ሲፈስ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ በዝቶ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ይላቀቃል። ስቶል የምንለው ይህን ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እየሰጠም ይደርሳል።

በተለይ የሚፈራው ለማረፍ ወደ መንደርደሪያው የሚያስገባው የመጨረሻው መታጠፊያ ነው። ነፋስ ይገፋውና አብራሪው መስመሩን ያልፋል። ልመልሰው ብሎ ክንፉን አብዝቶ ያጋድላል፤ አልዞር ሲለው ጅራቱን በሚያዞረው የእግር ፔዳል ያግዘዋል፤ መሬቱ ሲቀርበው ደግሞ አፍንጫው እንዲነሣ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። በ60 ዲግሪ ያጋደለ አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ ለመዞር ሲል ክንፉ የክብደቱን ሁለት እጥፍ ይሸከማል፤ ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነትም በ41 በመቶ ያድጋል። አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ይከዳና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከመሬት 150 ሜትር ላይ ይህን ለማረም ጊዜ የለም። መስመሩን ካለፍክ ሙሉ ጉልበት ስጥ፣ ውጣ፣ ዞረህ ተመለስ። ተማሪዎቼን ከሁሉ አብልጬ የጨቀጨቅኋቸው በዚህ ነው።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ከአባይ በረሃ በላይ ሞተሩ ቢጠፋስ?

መልስ፦ ወዲያው አይወድቅም። ሴስና 172ን ብንወስድ፣ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ከያዘ ሞተሩ ጠፍቶም በየ1,000 ሜትር ከፍታው ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይንሳፈፋል። ችግሩ ማረፊያው ነው። ከእናንተ ጫፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከታች ገደልና ድንጋይ እንጂ ሜዳ አታገኝም። ስለዚህ ሸለቆውን የሚሻገር አብራሪ ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን በኩል ካለው ደጋ ወደ አንዱ ሁልጊዜ መንሳፈፍ የሚችልበትን ከፍታ መያዝ አለበት።

ከተነሣ ወዲያው ከጠፋበት ደግሞ ወደ አየር ማረፊያው ልመለስ አይበል። ፊት ለፊቱ ካለው ማሳ የተሻለውን መርጦ ክንፉን ቀጥ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ይውረድ። አውሮፕላኑ ይሰባበር ይሆናል፤ ሰዎቹ ግን የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከእኛ አየር ማረፊያ ጧት መነሣትና ከሰዓት በኋላ መነሣት ልዩነት አለው?

መልስ፦ በጣም! ለእኛ አገር ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው። የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሚያዝያ ከሰዓት ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 2,800 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው የሚሠራው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የተማረ አብራሪ አራት ሰው ጭኖ ነዳጅ ሞልቶ ሲነሣ የለመደው መንደርደሪያ አይበቃውም።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። በስስ አየር የፍጥነት መለኪያው የለመድከውን ቁጥር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚሄደው ከዚያ በላይ ፈጥኖ ነው። አብራሪው መሬቱ ሲሮጥ አይቶ «በቃ፣ ይነሣል» ይልና አፍንጫውን ያለጊዜው ያነሣል። አውሮፕላኑ ትንሽ ተንሳፍፎ ይወጣና ከዚያ በላይ መውጣት ያቅተዋል። መድኃኒቱ በማለዳ መነሣት፣ ጭነት መቀነስ፣ የነዳጁንና የአየሩን ቅይጥ ለከፍታው ማስተካከልና የአምራቹን ሰንጠረዥ አይቶ ርቀቱን አስቀድሞ ማስላት ነው።

ጮቄንም ያነሣችሁ አላችሁ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሴስና 172 ሊወጣ የሚችለው ደግሞ ከ4,200 ሜትር ብዙም አይዘልም። ነፋሱ ተራራውን ተሻግሮ በሚወርድበት ወገን አየሩ ራሱ ወደ ታች ይገፋችኋል። ዙሩት እንጂ አትሻገሩት።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ በክረምት ጭጋግ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል?

መልስ፦ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ያልሠለጠነ ከሆነ የቀረው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ሥልጠና የሌላቸው 20 ተማሪዎች ተፈትነው ሁሉም መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሴኮንድ ነው። አድማሱ ሲጠፋ የጆሮ ውስጥ ሚዛን ይዋሻል፤ እየዞርክ ቀጥ ብለህ የምትሄድ ይመስልሃል። ደመናው ፊትህ ዝቅ ሲል ሳትገባበት ተመለስ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ነዳጅ አልቆ የሚወድቅ አለ ሲባል ሰማሁ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ አለ። መለኪያውን አምኖ ጋኑን ከፍቶ ያላየ፣ የነፋሱን ግፊት ያላሰላ፣ በአንዱ ክንፍ ነዳጅ እያለ የነዳጅ ማዞሪያውን ባለቀው ጋን ላይ የረሳ። ውኃም አለ፤ በክረምት በክዳኑ ይገባል። በየጧቱ ከክንፉ ሥር ባለችው ማፍሰሻ ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድተህ ወደ ብርሃን አንሣው። የአቪዬሽን ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ካለ ቀለም የሌለው ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። ጥርት እስኪል ደጋግመህ አፍስስ።

ሌላው የካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል፣ በረዶ ነው። ጣና አካባቢ ላሉ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ነዳጁ ሲተን አየሩን ከ20 ዲግሪ በላይ ሊያቀዘቅዘው ስለሚችል ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ እርጥበት ካለ የካርቡሬተሩ ጉሮሮ በረዶ ይይዛል። የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ ይወርዳል። የካርቡሬተር ማሞቂያውን ስትስብ በረዶው ቀልጦ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ይብሱን ይንገጫገጫል። ጀማሪ ይደነግጥና ማሞቂያውን መልሶ ይዘጋዋል። አይዘጋ! ይታገሥ፣ ሞተሩ ይመለሳል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ወፍ አውሮፕላን ይጥላል?

መልስ፦ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ሲነሣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ተከስክሷል። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በትንሿ አውሮፕላን ላይ የሚያሠጋው ይበልጡን የፊት መስታወቱን መስበሩ ነው። ወፍ ሲደነግጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ፍጥነቱ ከፈቀደ ወደ ላይ መሸሽ ይሻላል። በሐይቁ ዳር ዝቅ ብሎ መብረርም አይመከርም።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)፦ ልጄ በረራ እየተማረ ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ልምከረው?

መልስ፦ እናቴ፣ ስለ ሞተሩ መምህሮቹ ይነግሩታል። እርስዎ ብቻ የሚያደርጉለት አንድ ነገር አለ። አብራሪ ሆኖ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ እመጣለሁ ሲል «ሰው ሁሉ ይጠብቅሃል፣ እንዳትቀር» አይበሉት። አየሩ ሲበላሽ ብዙ አብራሪ መነሣት እንደሌለበት እያወቀ የሚነሣው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። «ነገም ብትመጣ ቡናው አይቀርብህም» ይበሉት፤ ከልብዎ እንደሆነም ይወቅ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ሁለት ሞተር ቢኖረው አይሻልም?

መልስ፦ ጥሩ ለሠለጠነና ልምምዱን ላላቋረጠ አዎ። በዝግታ እየበረረ አንዱ ሲጠፋበት ግን የሚሠራው ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ጎን ጎትቶ ሊገለብጠው ይችላል።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ ሌላ ጠያቂ)፦ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጩትስ?

መልስ፦ የእነሱ ጠላት የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሽቦው ከአውሮፕላን ላይ አይታይም፤ ምሰሶው ይታያል። ስለዚህ ከመርጨቱ በፊት ማሳውን በእግር መዞር፣ ምሰሶዎቹን በወረቀት ላይ መሣል፣ ሽቦ መሻገር ግድ ከሆነም በምሰሶው አናት በላይ መሻገር ነው።