የጨው ትስስር ጠንካራ ከሆነ ውኃ ውስጥ ለምን ይሟሟል?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አዮናዊ ትስስር (ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው አተሞች፣ ማለትም በአዮኖች፣ መካከል ያለው መሳሳብ) ጠንካራ እንደሆነ ተምረናል። ይሁን እንጂ የገበታ ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይሟሟል፤ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ውስጠኛ ግድግዳ የሚሠራበት ማግኒዥየም ኦክሳይድ ግን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ እሳትም በቀላሉ አይበግረውም። ሁለቱም አዮናዊ ከሆኑ ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የትስስሩን ጥንካሬ በዋናነት የሚወስኑት የአዮኖቹ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) እና በመካከላቸው ያለው ርቀት ናቸው። ፈረንሳዊው ኩሎን በ1785 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ተቃራኒ ሙል ያላቸው አካላት የሚሳሳቡበት ኃይል ሙሎቻቸው ሲበዙ ይጨምራል፣ ሲራራቁ ደግሞ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ እኩል ክብደት እንዳላቸው ተደርገው ጎን ለጎን ይጠቀሳሉ፤ በእኛ እምነት ግን ይህ አቀራረብ ተማሪን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሙሎቹ እርስ በርስ ስለሚባዙ ተጽዕኗቸው እጅግ የጎላ ነው።

ይህን ለማየት ሶዲየም ፍሎራይድንና ማግኒዥየም ኦክሳይድን ማነጻጸር ይበቃል። አራቱም አዮኖች እያንዳንዳቸው 10 ኤሌክትሮኖች አሏቸው፤ የክሪስታላቸው አደረጃጀትም አንድ ዓይነት ነው፤ በአዮኖቹ መካከል ያለው ርቀት በመጀመሪያው 231፣ በሁለተኛው 210 ፒኮሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ 10 በመቶ አይሞላም። የሙሎቹ ብዜት ግን በአንደኛው 1 (1×1) ሲሆን በሌላው 4 (2×2) ነው። በመሆኑም ሶዲየም ፍሎራይድ በ993 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ለመቅለጥ ከ2,800 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። የአዮን መጠን ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው፦ ፍሎራይዱ በክሎራይድ ሲተካ (ይህም የገበታ ጨው ነው) የመቅለጫው ሙቀት ወደ 801፣ በአዮዳይድ ሲተካ ወደ 661 ዲግሪ ይወርዳል።

መሟሟት ግን የትስስር ጥንካሬ መለኪያ አይደለም። አንድ ሞል (58 ግራም ገደማ) የገበታ ጨው ወደ ተለያዩ አዮኖች ለመበተን 787 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የውኃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን ከበው ሲይዟቸው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይለቀቃል። የቀረችውን ጥቂት ጉድለት አዮኖቹ በውኃው ውስጥ የመበታተን ዝንባሌያቸው ይሸፍናታል። እንግዲህ ጨው የሚሟሟው ትስስሩ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ውኃው ዋጋውን መክፈል ስለሚችል ነው። እንደ ውኃ የሚተካ ነገር በሌለበት፣ በደረቅ ምጣድ ላይ፣ ጨው ቢቆላ ይንጣጣል እንጂ አይቀልጥም፤ የሚንጣጣውም በቅንጣቶቹ ውስጥ ታስሮ የቆየው ጥቂት ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሲፈነዳ ሲሆን፣ የአዮኖቹ ትስስር ግን እስከ 801 ዲግሪ ድረስ ጸንቶ ይቆያል።