ቀኑን ጻፉት

ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በሠራተኛ ጉዳይ ጥብቅና ቆሜያለሁ። "የሠራተኛ ማኅበር ስላቋቋምክ ተባርረሃል" የሚል የስንብት ደብዳቤ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ደብዳቤው የሚለው ሁልጊዜ ሌላ ነው። አርፍደሃል፣ ሥራ በድለሃል፣ የሥራ መደብህ ታጥፏል።

አንዲት ደንበኛዬ አትረሳኝም። ልብስ ሰፊ ነበረች። በ6 ዓመት ውስጥ አንድም ማስጠንቀቂያ አልደረሳትም። ማኅበር ለመመሥረት ፊርማ ማሰባሰብ በጀመረች በ3 ሳምንት ውስጥ ግን 3 ማስጠንቀቂያ ተከታትሎ መጣ። አንደኛው 4 ደቂቃ ስላረፈደች ነው። ቢሮዬ የገባችው እንባዋን እየጠረገች ነበር። ቁጭ ስትል ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። ማን ጠርቶ ምን እንዳላት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አጠገቧ ማን እንደነበረ ሁሉ በእርሳስ ሰፍሯል። ባረፈደችበት ቀን ከእሷ ኋላ ገብተው ምንም ያልተባሉትንም ጽፋለች። ወደ ሥራዋ የመለሳት ያ ደብተር ነው። የበቀል እርምጃ የሚጋለጠው በቀኖች መቀራረብና ሰውን ለይቶ በመቅጣት ነውና።

መደራጀት አሠሪ የሚሰጠው ችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 23 አስፍሮታል። የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 98 ሠራተኛን በማኅበር አባልነቱ ማባረርም ሆነ መጉዳት እንዳይቻል ጥበቃ ደንግጓል። ጥበቃው ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደረግን የማኅበር እንቅስቃሴ ይሸፍናል። በሥራ ሰዓት ከሆነ ግን የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህችን ነጥብ አደራ! ሥራ ላይ እያላችሁ ቅጽ ስታዞሩ ብትገኙ ለአለቃችሁ ሰበብ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ጉዳት ሲባል ደግሞ ስንብት ብቻ አይደለም። ፈረቃ መቀያየርም፣ ሩቅ ቦታ ማዛወርም፣ የለመዱትን የትርፍ ሰዓት ሥራ መንፈግም አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ አንዱን ጠርቶ "ከነሱ ውጣና እድገት እሰጥሃለሁ" ማለት ነው። ሰውን ከጓደኞቹ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይተያይ ያደርገዋል።

ብቻችሁን አትጋፈጡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፖላንድ ውስጥ፣ በግዳንስክ የመርከብ ፋብሪካ፣ አና ቫለንቲኖቪች የተባለች የክሬን ኦፕሬተር ጡረታ ልትወጣ 5 ወር ሲቀራት በማኅበር እንቅስቃሴዋ ተባረረች። በሳምንቱ ጓደኞቿ ሥራ አቆሙ። ከመጀመሪያ ጥያቄዎቻቸው አንዱ "አና ትመለስ" የሚል ነበር። ሶሊዳሪቲ የተባለው ታላቅ ማኅበር የተወለደው ከዚያ አድማ ነው።

ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። የእናንተን አንብቡት፤ በተለይ የይርጋውን ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን ቀነ ገደብ። እውነት ይዘው "እስቲ ትንሽ ልታገሥ" ሲሉ ቀኑ ያለፈባቸውን ብዙ ሰዎች በባዶ እጅ ሸኝቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ደብዳቤ ሰጥተው "ፈርም" ካሏችሁ መጀመሪያ አንብቡ። ከፊርማችሁ ጎን "ደርሶኛል፣ በይዘቱ ግን አልስማማም" ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ቅጂውን ሳትይዙ ከዚያ ቢሮ አትውጡ።