ከመሪው የሚንጠባጠበው ቡናማ ውሃ

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። ጠያቂው በ1970ዎቹ የተሠራች፣ 27 ጫማ ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይጓዙባታል። የመሪው እጀታ ልል ነው፤ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ጥቂት ከተገፋ በኋላ ነው ጀልባዋ የምትታዘዘው። ማዕበል ከጎን ሲመታት ከኋላ በኩል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። የቀድሞው ባለቤት «ቦኮላው አልቋል» ብሏቸዋል፤ ቦኮላ ማለት የመሪው ዘንግ ውስጡ የሚዞርበት የፕላስቲክ ቀለበት ነው። በላኩልኝ ፎቶ ላይ፣ ከእጀታው የሚወርደው ዘንግ ውሃ ውስጥ ወዳለው የመሪው ክንፍ የሚገባበት አንገት በነጭ ሲሊኮን ተለጥፏል፤ በክንፉ ጎንም ሁለት ብሎኖች ተመትተዋል። ጀልባዋ በመኸር ከውሃ ስትወጣ ደግሞ ከክንፉ የታችኛው ጠርዝ ቡናማ ውሃ ለቀናት ሲንጠባጠብ ነበር። ይህን የጻፉልኝ በደብዳቤያቸው መጨረሻ፣ እንደ ተራ ነገር ነው። «ቦኮላ ልግዛ ወይ?» ይላሉ።

ገና አይግዙ። ቦኮላው በእርግጥ አልቆ ይሆናል፤ ቡናማ ውሃ ግን ከፕላስቲክ ቦኮላ አይወጣም። ዝገቱ የመጣው ከክንፉ ሆድ ነው። በዚያ ሆድ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ዘንጉና በዘንጉ ላይ የተበየዱት ጠፍጣፋ ብረቶች ብቻ ናቸው፤ የቀረው ፎም ነው። ስለዚህ ግምቴ ይህ ነው፦ ከብየዳዎቹ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ለቋል፤ ዘንጉ በክንፉ ውስጥ ለብቻው መዞር ጀምሯል። ሁለቱ ብሎኖችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ክንፉ ከዘንጉ ጋር መዞር እንዳቆመ ያላየ ሰው በክንፉ ጎን ብሎን አይመታም።

ግምቱን ለማረጋገጥ ጀልባዋ በየብስ ላይ እንደቆመች እጀታውን በሁለቱም በኩል በገመድ ወጥረው ይሰሩት። በአንገቱ ላይ ከዘንጉ ወደ ክንፉ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በእስክሪብቶ ያስምሩ። ከዚያ የክንፉን የኋላ ጠርዝ ከታች ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። መስመሩ ከተሰበረ፣ ማለትም ክንፉ ሄዶ ዘንጉ ከቀረ፣ ጉዳዩ የውስጥ ነው። ዘንጉ አብሮ ዞሮ እጀታው ካልተንቀሳቀሰ ልልነቱ ከላይ፣ እጀታው ዘንጉን በሚጨብጥበት ራስ ላይ ነው፤ አዲስ ብሎን በልኩ ካስገቡ ያበቃል። ዘንጉ ሳይዞር ክንፉን ይዞ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ብቻ ነው የቦኮላ ወሬ የሚመጣው። የክንፉ ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር ቢወዛወዝ አያስደንግጥዎ፤ ከላይ ያለች ትንሽ ክፍተት ታች ስትደርስ ትበዛለች።

መስመሩ ይሰበራል ብዬ እገምታለሁ። ከተሰበረ መሪው መውረድ አለበት፤ ጀልባዋም ይህ ሳይጠገን ውሃ አትንካ። የቀረው ብየዳ የሚለቀው ነፋስ በበረታበትና መሪው በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

መሪውን ከማውረድዎ በፊት ይህን ያንብቡ። እንዲህ ባሉ ጀልባዎች ላይ መሪውን ወደ ታች እንዳይወርድ የያዘው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው የእጀታው ራስ ብቻ ነው። ክንፉ ከሥር በጣውላና በክሪክ ሳይደገፍ፣ በገመድም ሳይታሰር ያንን ራስ አይፍቱ። ውሃ የጠጣ መሪ በጣም ከባድ ነው፤ ሲለቅም ሳያስጠነቅቅ ነው። ሁለት ሰው ይሁኑ፤ አንዱ ከላይ ይፍታ፣ ሌላው ከጎን ሆኖ ገመዱን ይያዝ። ከሥሩ ማንም አይግባ። ዘንጉ ረጅም ስለሆነ ወደ ታች ለመውጣት ቦታ ይፈልጋል፤ የጀልባ ማቆሚያው መሬት መቆፈር ካልፈቀደ ጀልባዋን ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ። የጀልባዋን ድጋፎች ግን በራስዎ አይነካኩ።

አሁን «ዘንጉ ስቴንለስ (የማይዝግ የሚባለው ብረት) ነው፣ አይዝግም» ለሚሉ ሁሉ ልናገር። ይህ አባባል ስንት መሪ እንዳስበላ! ስቴንለስ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ኦክስጅን ሲያገኝ በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢፋቅም ቁስል ላይ እንደሚወጣ ቅርፊት ወዲያው ይተካል፤ ኦክስጅን እስካለ ድረስ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በወራጅ ውሃ ውስጥ ያለው የዘንጉ ክፍል ኦክስጅን ስለማያጣ ከ50 ዓመት በኋላም ሊያበራ ይችላል። በክንፉ ውስጥ፣ በፎሙና በብረቱ መካከል የገባው ውሃ ግን የትም አይሄድም። በውስጡ የነበረው ጥቂት ኦክስጅን ያልቃል፤ ምትክ አይመጣም። ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ከተበሳ ተበስቶ ይቀራል። ከዚያ ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ወደዚያች ጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፤ ውሃውም እየቆየ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ብረቱን ይበላል፤ የተበላው ብረት ደግሞ ተጨማሪ ክሎራይድ ይስባል። ጉድጓዱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ጥልቀት ነው የሚሄደው። ላዩን ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ ያዩና ውስጡ ተቦርቡሮ ያገኙታል። ብየዳ አጠገብ ይብሳል፤ ብረቱ ሲግል ከክሮሚየሙ የተወሰነው ከካርቦን ጋር ይጣመርና ሽፋን ለመሥራት የሚተርፈው ያንሳል። 316ኤል የተባለውን ዓይነት አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው፤ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ አይበልጥም፣ ክሎራይድን የሚቋቋም ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነምም አለው። ርካሹ 304 ሞሊብዲነም የለውም። የቼሳፒክ ውሃ ከውቅያኖስ ይልቅ ጨው የሚያንሰው መሆኑም አያድንም፤ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ክሎራይድ አለው።

እንግዲህ ሲሊኮኑን ተመልከቱት። ውሃው እንዳይገባ ተብሎ የተለጠፈ ነው፤ ከፋይበር ግላሱ ሲላቀቅ ግን ውሃውን አስገብቶ ዘጋበት። ሁለቱ ብሎኖችም አዲስ የውሃ በር ከፈቱ። ክረምት ሲመጣ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ የክንፉን ሁለት ገበታዎች፣ ማለትም ፎሙን ከግራና ከቀኝ የሸፈኑትን የፋይበር ግላስ ቅርፊቶች፣ እየፈለቀቀ ይለያያቸዋል። ይህን የሠራው ሰው ያንን ሰዓት ሙሉ ለሙሉ ቢተኛ ኖሮ መሪው የተሻለ ዕድሜ ይኖረው ነበር።

መሪው ከወረደ በኋላ ከአንዱ ጎን ብቻ፣ በዘንጉ አቅጣጫ መስኮት ይቁረጡ፤ ጭምብልና መነጽር ያድርጉ። ሌላኛውን ጎን አይንኩ፤ ቅርጹን የሚጠብቅልዎ እሱ ነው። የራሰውን ፎም ጠርገው ያውጡ፤ እስኪደርቅ ልጠብቅ ብለው ወራት አያባክኑ። ዘንጉን አጽድተው ብየዳዎቹንና አንገቱን በማጉያ መነጽር ይመርምሩ። ብየዳው ብቻ ከተሰነጠቀ አርጎን ብየዳ ለሚያውቅ ሰው ይስጡት፤ አዳዲሶቹ ጠፍጣፋ ብረቶች ሰፋ ይበሉ፤ ብረቱም የብየዳ ሽቦውም 316ኤል ይሁን። በዘንጉ በራሱ ላይ፣ በተለይ አንገቱ አጠገብ፣ ጉድጓድ ካዩ ግን ዘንጉ ይጣል። ቶርኖ ቤት አዲስ ያወጣልዎታል። ገበታዎቹም ከተበላሹ ለድሮ ጀልባዎች ሙሉ መሪ የሚሠሩ ወርክሾፖች አሜሪካ ውስጥ አሉ፤ ሒሳቡን አወዳድሩ።

መልሰው ሲዘጉ በብረቶቹ ዙሪያ ያለውን በወፈረ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ)፣ የቀረውን ውሃ በማይመጥ ፎም ይሙሉ። የመስኮቱን ጠርዝ ከገበታው ውፍረት 12 እጥፍ ያህል አስፍተው በተዳፋት ይሞርዱት፤ 3 ሚሊሜትር ገበታ 36 ሚሊሜትር ያህል ይፈልጋል። ፋይበሩን በኤፖክሲ ይደርቡ፤ ርካሹ ፖሊስተር በደረቀ አሮጌ ገበታ ላይ እንደ ኤፖክሲ አይዝም። የብሎኖቹን ቀዳዳዎችም በዚሁ ይድፈኑ። በአንገቱ ዙሪያ ትንሽ ቦይ ቆርጠው በተለጣጭ የፖሊዩሪታን ማሸጊያ ይሙሉት። ብረትና ፋይበር ግላስ በእኩል አይለጠጡም፤ ድርቅ ያለ መሙያ እዚያ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም። ማሸጊያው የሚያልቅ ነገር ስለሆነ በየጊዜው ያድሱት።

ቦኮላውን በመጨረሻ ይለኩ። ካለቀ ናይለን አይግዙ፤ ናይለን ውሃ እየጠጣ ያብጥና ዘንጉን ያንቃል።  ዴልሪን የተባለውን፣ ውሃ እምብዛም የማይጠጣ ጠንካራ ፕላስቲክ በጸዳው ዘንግ ልክ በቶርኖ ያስወጡ።

መሪውን ሲመልሱም ያው ነው፤ የእጀታው ራስ ገብቶ ብሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ ጣውላውም ክሪኩም ገመዱም ከቦታቸው አይነሱ። ከዚያ በአንገቱ ላይ አዲስ መስመር ያስምሩና የክንፉን ጠርዝ በሙሉ ኃይልዎ ይግፉት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቀረ ጀልባዋን ወደ ውሃ ይመልሷት።