«ንረቱ ቀነሰ» ሲባል ምኑ ነው የቀነሰው?

ጥያቄ፦ «እናቴ ከእኔ ጋር ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ማታ ማታ የአማርኛ ዜና አብረን እንሰማለን። ስለ ዓለም ኢኮኖሚ የሚናገሩት ሰዎች ‹በአሜሪካ የዋጋ ንረት ቀንሷል› ባሉ ቁጥር ‹ታዲያ እንጀራው ምነው አልቀነሰ?› ትለኛለች። ንረት ማለት ጭማሪው እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም ብዬ ላስረዳት ብሞክር ‹ደግሞ አማርኛ ልታስተምሪኝ ነው?› አለችኝ። ማናችን ነን ትክክል? እነዚህንስ ሰዎች ባለሙያ እንበላቸው ወይስ ተንታኝ?»

መልስ፦ በሒሳቡ እርስዎ፣ በአማርኛው እናትዎ ትክክል ናቸው።

ሒሳቡን ቶሎ ልጨርሰው። አምና 10 ዶላር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 11 ቢገባ ንረቱ 10 በመቶ ነው። በዓመቱ 11 ዶላር ከ33 ሳንቲም ቢሸጥ ደግሞ ንረቱ 3 በመቶ ይሆንና «ቀነሰ» ይባላል። ገዢዋ ግን በ33 ሳንቲሙ ላይ አልተከራከረችም፤ ከፍላ ወጥታለች። በአሜሪካ የሆነውም ይኸው ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2022 ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ ሰኔ 2023 ወደ 3 በመቶ ወረደ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ኑሮ በጥቅሉ ተወደደ እንጂ አልረከሰም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው። «ንረት» የወጣው «ናረ» ከሚለው ግሥ ነው። አወጣጡም «ጣረ» ብሎ ጥረት፣ «ጋለ» ብሎ ግለት እንደሚባለው ነው። ሦስቱ ቃላት በመልክ አንድ ናቸው፤ በትርጉም ግን አንድ ላይ አይሄዱም። ጥረት ድርጊት ነው፤ ሰውዬው መጣሩን ሲተው ጥረቱም አብሮ ያበቃል። ግለት ግን ከድርጊቱ በኋላ የሚቀረውን ሁኔታ ይይዛል። ምጣዱ ጋለ፤ ግለቱ አሁን ምጣዱ ላይ ያለው ሙቀት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት እጇን ከምጣዱ በላይ ዘርግታ «ግለቱ ቀንሷል» ስትል ምጣዱ በረደ ማለቷ ነው። «ምጣዱ አሁንም እየጋለ ነው፣ የሚግለው ግን ቀስ እያለ ነው» ማለቷ ከቶ አይደለም። እንደዚያ ተረድቶ ሊጡን የሚያፈስ ሰው ቢኖር እንጀራው ዐይን አያወጣለትም።

እናትዎ «ንረት»ን የሰሙት እንደ ግለት ነው። ዋጋ ናረ ሲባል ወጥቶ ወጥቶ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ «ንረቱ ቀነሰ» ከተባለ ደግሞ ላይ የተቀመጠው ወረደ ማለት መሆን አለበት። የልጅ ትኩሳት ቀነሰ ሲባልም ሰውነቱ በረደ ማለት አይደል? ጎረቤት ቃልም ያግዛቸዋል፦ «የኑሮ ውድነት»። ውድነት ያለ ጥርጥር የሁኔታ ስም ነው። በተራ ሰው አፍ ንረትና ውድነት እየተለዋወጡ የሚነገሩ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ትርጉም ተጋርቷል። ስለዚህ እርሳቸው ቋንቋውን አላጣመሙም። የኢኮኖሚ ሰዎች ናቸው ቃሉን ወስደው እንደ «ፍጥነት» ያለ የልኬት ስም ያደረጉት። ማድረጋቸው ነውር አይደለም፤ ሁሉም የሙያ መስክ ቃል እየተበደረ ነው የሚኖረው። ነውሩ የተበደሩትን ቃል ለባለቤቱ መልሰው ሲናገሩ ትርጉሙን እንደለወጡት አለመንገራቸው ነው።

ይህ የአማርኛ ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ። በ2021 የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) ሊቀ መንበር የነበሩት ጄሮም ፓወል ንረቱን «ትራንዚተሪ» እያሉ ሲጠሩት ከረሙ፤ በእኛ «ጊዜያዊ» መሆኑ ነው። ሕዝቡ ዋጋው ጥቂት ቆይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎ ሰማ፤ ጊዜያዊ የሆነ ነገር ያልፋላ! በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 30 ቀን፣ ፓወል ሴኔት ፊት ቀርበው ቃሉ ለተለያየ ሰው የተለያየ ትርጉም እንደሚሰጥ፣ ብዙዎች ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ማለት አድርገው እንደሚወስዱት፣ እርሳቸው ግን ዘላቂ የሆነ ከፍተኛ ንረት ትቶ አይሄድም ለማለት እንደተጠቀሙበት ተናገሩ፤ ቃሉን በጡረታ የማሰናበቻው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ብለውም ተዉት። ልብ ይበሉ፣ በሁለተኛው ትርጉም ዋጋው ይመለሳል ያለ ሰው የለም። ባንኩ ዒላማዬ የሚለው ራሱ በዓመት 2 በመቶ ጭማሪ ነው። የአድማጩና የተናጋሪው ልብ የተለያየው አንድ ቅጽል ላይ ነበር።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ይወስደኛል። «ተንታኝ» ጥሩ ቃል ነው። ከ«ለመነ» ለማኝ እንደሚወጣ ከ«ተነተነ» የወጣ የአድራጊ ስም ነው፤ መጨረሻ ያለው «ነ» ወደ «ኝ» ዞሮ። ተነተነ ማለት አንድን ነገር ፈታ፣ ዘረዘረ፣ ክፍል በክፍል አሳየ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚነግረን ሰውዬው ምን እየሠራ እንደሆነ ነው። «ባለሙያ» ግን የሰውዬውን ማንነት ይነግራል፤ ሙያ አለው፣ ተምሮበታል፣ ኖሮበታል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሆኖ የማይተነትን አለ፤ ባለሙያ ሳይሆን ጥሩ አድርጎ የሚተነትን ጋዜጠኛም አለ። እኔ ብጠየቅ፣ ሰውዬውን ስናስተዋውቅ ሥራውን በስሙ ጠርተን «የባንክ ኢኮኖሚስት»፣ «የፖለቲካ ሳይንስ መምህር» ብንል፣ «ተንታኝ»ን ደግሞ በእርግጥ ፈትቶ ላሳየን ብናስቀረው እመርጣለሁ። አሁን ግን ማይክራፎን ፊት የተቀመጠ ሁሉ ተንታኝ እየተባለ ቃሉ እየሳሳ ነው።

ሌላም የሚምታታ አለ፤ ትንታኔና ትንበያ። «ትንበያ» ከ«ነቢይ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ገና ስላልመጣው መናገር ነው። ዋጋ ለምን እንደናረ የሚያስረዳ ይተነትናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይረግባል የሚል ይተነብያል። በ2021 «ጊዜያዊ ነው» የሚለው ትንበያ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን እንደ ትንታኔ አድርጎ ነው የተቀበለው። የቀድሞው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር ላሪ ሰመርስ ገና ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ንረት ይመጣል እያሉ ሲያስጠነቅቁ፣ የ2008 የኖቤል ተሸላሚው ፖል ክሩግማን ያን ያህል አያሰጋም ከሚሉት ወገን ነበሩ። ክሩግማን በሐምሌ 2022 በጋዜጣ ዓምዳቸው ላይ ተሳስቼ ነበር ብለው ጻፉ። እኔ ይህን ድርጊት አከብረዋለሁ። የአማርኛ ጋዜጠኞቻችንም «ተንታኙ እንዳሉት» በሚለው ፈንታ እንደ ነገሩ «እንደ ተንታኙ ግምት» ወይም «እንደ ትንበያቸው» ቢሉ አድማጩ የሰማውን በምን ሚዛን መመዘን እንዳለበት ያውቃል።

ታዲያ «ንረቱ ቀነሰ» በሚለው ፈንታ ምን እንበል? አማርኛ ለዚህ ድሃ አይደለም። የአደራረግ ስም የሚባለውን ይውሰዱ፦ አነጋገር፣ አካሄድ፣ አለባበስ። ከ«ጨመረ» አጨማመር ይወጣል። «የዋጋው አጨማመር ዝግ አለ» ቢባል ማንም አይሳሳትም፤ ዝግ ያለ መንገደኛ አሁንም ወደፊት እየሄደ ነውና። «ረገበ»ም ከ«ቀነሰ» ይሻላል፤ የረገበ ገመድ ውጥረቱ ላላ እንጂ ገመዱ አላጠረም። ከተቻለ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፦ «ዋጋው አሁንም እየጨመረ ነው፤ ጭማሪው ግን እንደ አምናው አይደለም።» አገር ቤትም የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው አሐዝ ዋጋውን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያነጻጽር ስለሆነ ይኸው አነጋገር ያለ ለውጥ ይሠራል።

 

እናትዎ የሚጠብቁት ቃል ደግሞ ሌላ ነው፤ «ረከሰ»። እርሱ በዜና ብዙ አይሰማም፤ በአገር ደረጃ ሲሆንም የኢኮኖሚ ሰዎች ደስ አይላቸውም። ጃፓን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዋጋ ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሲረክስባት ቆይታ ነበር። ነገ ይረክሳል ያለ ሰው ዛሬ አይገዛም፤ ገዢ ያጣ ድርጅትም ደመወዝ አይጨምርም ብለው ይፈሩታል። ይህን ለእናትዎ ማስረዳት ረዘም ያለ ማታ ይፈልጋል። ለጊዜው ግን ዜናው «ንረቱ ቀነሰ» ባለ ቁጥር ፈጠን ብለው «እማዬ፣ አልረከሰም፤ ጭማሪው ነው ዝግ ያለው» ይበሏቸው።