መንገድ ዳር ማረፊያ ልትሰራ ላሰብከው ወንድም፦ ከህንፃው በፊት መግቢያህን ጨርስ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። «ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መራዊ መንገድ ላይ አስፋልት የሚነካ የአባቴ ቦታ አለ፣ የመንገደኛ ማረፊያ ላደርገው ነው፣ ምን አይነት ህንፃ ብሰራ ሰው ይቆማል?» ነው ያልከው። ኮመንት የሰጡህ ሁሉ ስለ ጣሪያና ስለ ጎጆ ነው የፃፉልህ። እኔና ባለቤቴ በጎንደር መንገድ ሀሙሲትን አለፍ ብለን ማረፊያ ከፍተን እየሰራን ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ መኪና ማቆሚያ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ግን እዚህ እስክንደርስ ያየነውን ፍዳ አንተ እንዳታየው ብዬ ነው የምፅፍልህ። ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

1ኛ. ሰው ህንፃ አይቶ አይቆምም። ፍሬን የሚይዘው ሹፌሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ለመወሰን ያለው ጊዜ ትንሽ ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፣ ታፔላህ በርህ ላይ ከተሰቀለ አንብቦ «ልቁም ልለፍ» እስኪል አልፎሃል፣ ያለፈ መኪና ደሞ ዞሮ አይመጣም። ስለዚህ ታፔላው በሁለቱም አቅጣጫ ከበሩ 300 ሜትር ያህል ቀደም ይበል፣ ፅሁፉ ትልልቅ ይሁን፣ ከሶስት አራት ቃል አይብለጥ። የኛ «ሽንት ቤት፣ ቡና፣ ጥላ» ነው የሚለው። የባለቤቴ ወንድም «ሽንት ቤት ብሎ ታፔላ ነውር ነው» ብሎ ሲከራከረን ነበር፣ አሁን ብዙው ቤተሰብ የያዘ መኪና የሚገባው እሱን አይቶ ነው።

2ኛ. ቦታህ በየትኛው ጎን እንደሆነ አልፃፍክም፣ ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ በቀኙ የምትገኝለት ሹፌር ዘው ብሎ ይገባል፣ በግራው የምትገኝለት ግን ከፊት የሚመጣውን ሲኖትራክ ጠብቆ አቋርጦ መግባት አለበት፣ ብዙው ሹፌር «ቀጥሎ እናርፋለን» ብሎ ያልፍሃል። ከባህር ዳር ለሚወጣ በቀኝ ከሆንክ ደንበኛህ ጠዋት የወጣ ሰው ነው፣ ቡናና ቁርስ ይፈልጋል። ለሚገባ በቀኝ ከሆንክ ደሞ ያ ሰው ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ከ500 ኪሎሜትር በላይ ነድቶ ደክሞታል፣ ግን «ደረስን እኮ» ብሎ ይጣደፋል፣ እሱን ፊቱን የሚታጠብበት ውሃና ጥላ እንጂ ምግብ አያቆመውም። የረጅም መንገድ አውቶብስን ብዙ ተስፋ አታድርግበት፣ የለመደው የራሱ ቦታ አለው። የቤት መኪና፣ ዶልፊን፣ አይሱዙ፣ እነሱን አስብ።

3ኛ. መግቢያና መውጫ ይለያዩ። አውቶብስ 12 ሜትር ይረዝማል፣ ተሳቢ የያዘ መኪና ደሞ ግቢህ ውስጥ ወደ ኋላ እየሄደ አይዞርልህም፣ ሹፌሩ አንዴ ከተቸገረ ለሌሎቹም ይነግራል። በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ክብ መንገድ ይኑርህ፣ ከባዱ ለብቻ፣ የቤት መኪናው ከጥላው አጠገብ። እዚህ ላይ ነው እኛ የተቃጠልነው፣ ይቺን በደንብ አንብባት።

የኛ ቦታና አስፋልቱ መሃል የጎርፍ ቦይ አለ፣ ያንተም መኖሩ አይቀርም። በቦዩ ላይ ቱቦ ቀብረን መሻገሪያ ለመስራት ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም። አንዱ ሰውዬ «ችግር የለውም ስሩ» አለን፣ በፅሁፍ ስጠን ስንለው «ለቱቦ ደብዳቤ የለም» አለ። በባለሙያ አሰራነው፣ የኛ አካባቢ የፎገራ አፈር ዋልካ ነው፣ ዝናብ ሲነካው መኪና ይውጣል፣ ስለዚህ ጥቁሩን አፈር አስቆፍረን አውጥተን ገረጋንቲ አስሞልተን በሮለር አስጠቀጠቅን፣ ያለን ገንዘብ ሁሉ እዚያ ነው ያለቀው። ክረምቱ ወጥቶ መንገደኛው ሲበዛ ሌላ ኃላፊ ግሬደር ይዞ መጣና «ቦዩን ያለ ፈቃድ ዘግታችኋል» ብሎ መግቢያውን ቆርጦት ሄደ። ቱቦው ውስጥ ውሃ እየፈሰሰ እያየ ነው «ዘግታችኋል» የሚለው! የለመዱን ደንበኞች ክላክስ እያደረጉ ሲያልፉ ቆመን አየናቸው።

ቢሮው ስሄድ ፋይል የሚያገላብጠው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንቺ፣ ፋይል የለሽም፣ ነገ ነይ» አለኝ፣ የልጅ እናት ነኝ። «ስሩ» ያለን ሰውዬ እኮ እዚያው ከጎኑ ጠረጴዛ ተቀምጧል፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ጣቱ እንኳ አይንቀሳቀስም፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቁር ሆኗል እሱ ግን አፍጥጦበታል። በስሙ ጠራሁት፣ «አላስታውስም» አለኝ። እኔ ግን አልተውኩትም፣ ማመልከቻዬን ፅፌ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀበልኩ፣ ከዚያ በኋላ «ነገ ነይ» ሲሉኝ ቁጥሩን አሳያቸዋለሁ፣ በመጨረሻ ከበላይ ኃላፊው ፊት ቀርቤ መሃንዲስ ይላክልኝ አልኩ። መሃንዲሱ መጥቶ አየው፣ ቱቦው ምንም ችግር የለበትም ብሎ ፃፈ። መግቢያዬን በማህተም ነው ያስመለስኩት። የግሬደሩን ኪሳራ ግን የከፈለን የለም።

አንተ እንዲህ አድርግ። አንድ አካፋ ከመሬቱ ሳታነሳ ከወረዳው የቦታውን ካርታ፣ መንገዱን ከሚያስተዳድረው ቢሮ ደሞ የመግቢያውን ፈቃድ ለየብቻ ጠይቅ፣ አንዱ የፈቀደውን ሌላው አያውቀውም። ደብዳቤው ላይ በየትኛው ጎን፣ የመግቢያና የመውጫው ስፋት፣ የቱቦው መጠን፣ ደለሉን ማን እንደሚጠርግ ይፃፍ፣ የታፔላህንም ነገር እዚያው ላይ አስገባው። የመንገዱ ክልል ከአስፋልቱ መሃል ተለክቶ ችካል ይተከልልህ፣ አጥርህ ከዚያ ወዲያ ይሁን። ቱቦው ደሞ ሰው በአካፋ ሊጠርገው የሚችል ሰፊ ይሁን፣ ክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ያየ ሰው በቱቦ አይቆጥብም፣ ያንተ አካባቢ ቀይ አፈር ቢሆንም ጎርፍ ጎርፍ ነው።

4ኛ. ሽንት ቤት። ገንዘብህን እዚህ ላይ አውጣው። ሮቶው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋም ውሃው በራሱ ይወርዳል። የሴቱና የወንዱ በር ጎን ለጎን አይሁን፣ የሴቶቹ ይብዛ፣ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያና ቦርሳ ማንጠልጠያ ይኑረው፣ ነጠላዋንና ቦርሳዋን በጥርሷ ይዛ የምትገባ ሴት ሁለተኛ አትመጣም። ቁልፉን ካሸር ጋ አታስቀምጥ፣ አታስከፍል። ልጄ በስልክ አሳየችኝ፣ ጃፓኖች ከ1993 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ «ሚቺ ኖ ኤኪ» የሚሉት የመንገድ ዳር ማረፊያ አላቸው፣ አሁን ከ1,200 በላይ ሆኗል፣ መኪና ማቆሚያውና ሽንት ቤቱ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ በነፃ ነው፣ ከጎኑ የአካባቢው ገበሬ ምርቱን ይሸጣል። እኛ ሳናውቀው የሰራነው እሱን ነው፣ ሽንት ቤት ብሎ የገባ ቡና ሳይጠጣ፣ የፎገራ ሩዝ ወይ ቲማቲም ሳይገዛ አይወጣም። አንተ ደሞ የቆጋ መስኖ እርሻ ከደጅህ ነው፣ አቮካዶውን በሳጥን ደርድረው።

ሌላው ባጭሩ። ወንበሩ መኪናውን ወደሚያሳይ ይዙር፣ ሰው ዕቃው መኪናው ጣሪያ ላይ እያለ ጀርባውን ሰጥቶ አይበላም። ዋጋው ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ መንገደኛ የሚፈራው መዘረፍን ነው። ሹፌርና ረዳት በነፃ ይብሉ የሚለውን ልማድ እኛም እናደርገዋለን፣ ግን ሹፌሩን ያስለመደው ጋደም የሚልበት መደብና መስታወት የሚያጥብበት ውሃ ነው። ረቡዕና አርብ የፆም ምግብ ቀድሞ ይድረስ፣ ዓሳ ጥብስ ጊዜ ይወስዳል፣ ለሚቸኩል ሰው ሽሮና ፍርፍር ነው። ለሙስሊም ወንድምና እህቶች ውዱ የሚያደርጉበትና የሚሰግዱበት ንፁህ ጥግ ለይላቸው፣ እኛ ጋ በዚህ ብቻ የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። ዛፍ ከቆረጥክ አዝናለሁ፣ ያለውን ዋንዛ አትንካው፣ አዲስ የሚተከል ጥላ እስኪሆን ዘመን ነው።

እኛ ጋ በታህሳስ ለገና በወረታ ወደ ላሊበላ የሚሄደው፣ በጥር ለጥምቀት ጎንደር የሚወጣው ነው ዓመቱን የሚደጉመን፣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ ብድር በዝቶ አይያዝህ። አሁን ቦታህን ከሁለቱም አቅጣጫ መኪና ውስጥ ሆነህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ቦዩም ይታይ፣ መግቢያው የት ቢሆን እንደሚሻል ባለቤቴ አይቶ ይነግርሃል፣ ማመልከቻው እንዴት እንደሚፃፍ እኔ እልክልሃለሁ፣ ግን ክረምት ሳይገባ።